የነዳጅ ጦርነትና የሐረርጌ ገበሬ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በሐረር ከተማ የቀረበ ንግግር)






በዚህ የደስታ ቀን ስለ ጦርነት ማውራት ለአንዳንዱ ያለ ቦታው የመጣ ወሬ ሊመስለው ይችላል። ርእሱ ነዳጅ ሲሆን ደግሞ «መኪና የሌለው ገበሬ በነዳጅ ጠብ ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ነገር ግን በሸዋ በርና በኤረር በር የሚሸጠው ድንችና ሽንኩርት፣ ከአወዳይ የሚጫነው ጫት፣ በሞተር ውሃ የሚጠጣው ማሳ፣ ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ማዳበሪያ ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ በነዳጅ የሚንቀሳቀስ ነው። ባሕር ማዶ የነዳጅ መንገድ ሲዘጋ ሐረርጌ ውስጥ የማሳ ወጪ ይጨምራል።

«ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» ይባላል። የዚህ ንግግር ዓላማ ግን ሣሩ ተጎዳ ብሎ ማዘን ብቻ አይደለም። ሀብት ስላነሰ ብቻ ጦርነት እንደማይነሳ፣ ጦርነት የሚነሳው ያነሰውን ሀብት የሚካፈሉበት ሕግ ሲጠፋ እንደሆነ ማሳየት ነው። ይህን ደግሞ ከሐረርጌ ገበሬ የተሻለ የሚያውቀው የለም።

ሐረር የነዳጅን ጉልበት ያየችበት ዘመን

በነሐሴ 1927 ዓ.ም. መገባደጃ፣ የኢጣልያ ጦር በኤርትራና በሶማሊያ ተሰልፎ የጦርነቱ መጀመር የቀናት ጉዳይ በሆነበት ሰዓት፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ፍራንሲስ ሪኬት ከተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ ጋር አንድ ውል ተዋዋሉ። ውሉ ሐረርጌን ጨምሮ ከአገሪቱ ግማሽ ያህሉን በሚሸፍን መሬት ላይ ለ75 ዓመት ነዳጅ የመፈለግና የማውጣት መብት የሚሰጥ ነበር። ከነጋዴው ጀርባ የአሜሪካ የነዳጅ ኩባንያ ነበረ። አንድ ታላቅ አገር በዚህ መሬት ላይ ጥቅም ካለው ወረራውን ዝም ብሎ አያይም የሚል ተስፋ ነበር። ይሁን እንጂ የአሜሪካ መንግሥት በኩባንያው ላይ ግፊት አድርጎ ውሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈረሰ። ጦርነቱም መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ተጀመረ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የመንግሥታት ማኅበር በኢጣልያ ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለ። በማዕቀቡ ዝርዝር ውስጥ ግን ነዳጅ አልገባም። የማኅበሩ አባል ያልሆነችው አሜሪካ መሸጧን ከቀጠለች እገዳው ፋይዳ አይኖረውም ተባለ። ሙሶሊኒም የነዳጅ እገዳ ጦርነት ማለት ነው ብሎ አስፈራራ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ከኢጣልያ ጋር መጣላትን ስለ ፈሩ ጉዳዩ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲተላለፍ ከረመ። የስዊዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ።

የዚህ ውሳኔ ውጤት የታየው እዚሁ ሐረር ላይ ነው። ሐረር የጦር ሠራዊት የሌለባት ክፍት ከተማ ተብላ ብትታወጅም መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተደበደበች። የጀነራል ግራዚያኒ ጦር ውሃ የሌለበትን ሰፊውን የኦጋዴን በረሃ ያቋረጠው በእግር ሳይሆን ከአሜሪካ የተገዙትን ጭምር በያዘ የመኪና ሰልፍ ነበር። በደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል የተመራው የኢትዮጵያ ጦር በብርቱ ቢከላከልም፣ ሚያዝያ 30 ቀን ጠላት ጀጎል ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሙሶሊኒ ራሱ ለሂትለር፣ ማኅበሩ ነዳጅ ቢከለክለው ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት ይገደድ እንደነበር መናገሩን በቦታው የነበረው አስተርጓሚ ጽፏል።

ታዲያ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ነዳጅ አልጠፋም ነበር። የጠፋው ነዳጁን ለማን መስጠት፣ ለማንስ መከልከል እንደሚገባ የተስማሙበትን ሕግ የሚያስከብር ወገን ነበር።

ጥይቱ ሳይደርስ ዋጋው ሲደርስ

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ያለ አውሮፕላንና ያለ ታንክ ነው። መስከረም 26 ቀን 1966 ዓ.ም. በግብፅና በሶርያ በአንድ በኩል፣ በእስራኤል በሌላ በኩል ጦርነት ተነሳ። የዐረብ ነዳጅ አምራች አገሮች እስራኤልን በደገፉ መንግሥታት ላይ የሽያጭ እገዳ አደረጉ። የአንድ በርሜል ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ3 ዶላር አካባቢ ወደ 12 ዶላር ገደማ ዘለለ።

ኢትዮጵያ በዚያ ጠብ ውስጥ እጇ አልነበረም። ሆኖም መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። የወሎ ረሀብ፣ የመምህራን ቅሬታና የወታደሩ የደመወዝ ጥያቄ አስቀድሞ የተከመረ ማገዶ ነበር፤ የቤንዚኑ ዋጋ እሳቱን ጫረበት። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዘውዱም ወደቀ።

ከዚያ በኋላም እንዲሁ ነው። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. አንድ በርሜል ነዳጅ ከ147 ዶላር በላይ ተሸጠ። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲሰፋ የነዳጅም የማዳበሪያም ዋጋ አብሮ ናረ። በኢትዮጵያ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ የማንሳቱ ሥራ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ሲጀመር በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ናፍጣ ከ35 ብር ወደ 49 ብር ከፍ አለ። ገበሬው የጦርነቱን ካርታ ባያይም ሒሳቡን ግን ከፍሏል።

ማዳበሪያና ነዳጅ ለምን አብረው ይወደዳሉ የሚል ካለ መልሱ ቀላል ነው። ዩሪያ በአብዛኛው የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዝ ሲወደድ ፋብሪካው ያስወድዳል፤ መርከቡም መኪናውም በነዳጅ ስለሚሄዱ የጉዞው ዋጋ ይደረብበታል።

የሐረማያ ሐይቅና የሩሜላ ጉድጓድ

የነዳጅ ጠብ እንዴት እንደሚነሳ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሐረማያን ሐይቅ ማስታወስ ይበቃል። ሐይቁ ለብዙ ዓመታት የሐረርን ሕዝብ አጠጥቷል፤ የዙሪያውን ጫትና አትክልት አልምቷል። ደለሉ ከየተራራው ወረደበት። ከተማው በቧንቧ ሳበ። በዙሪያው ያለውም ሰው በየፊናው ሞተር እየተከለ ቀዳ። ማንም ሰው ሐይቁን ለማድረቅ አላሰበም። እያንዳንዱ ግን «እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይወስደዋል» ብሎ አሰበ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ድሬዳዋ አቅራቢያ ካለው ከድሬ ጃራ፣ ከቆላ ወደ ደጋ በፓምፕ እየተገፋ እንዲመጣ ግድ ሆነ። በቅርብ ዓመታት በዝናብና በተፋሰስ ሥራ ሐይቁ ተመልሶ ውሃ መያዙ የሚያስደስት ነው፤ የቀድሞው ትምህርት ግን መረሳት የለበትም።

አሁን ደግሞ ወደ ኢራቅና ኩዌት ወሰን እንሻገር። በዚያ ሩሜላ የሚባል ታላቅ የነዳጅ ሜዳ አለ። ጫፉ ወሰን ተሻግሮ ወደ ኩዌት ይገባል። ኢራቅ ከኢራን ጋር ባደረገችው የስምንት ዓመት ጦርነት ዕዳ ተዘፍቃ ሳለ፣ ኩዌት ከጋራው ሜዳ ነዳጄን ትወስዳለች፣ አብዝታ በማምረትም ዋጋ ትጥላለች ስትል ከሰሰች። ሌሎችም ምክንያቶች ነበሯት። ሐምሌ 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ጦሯን አዝምታ ኩዌትን ያዘች፤ በጥቂት ወራት ውስጥም የብዙ አገሮች ጦር የተሳተፈበት ጦርነት ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎም አሜሪካ በ1933 ዓ.ም. ክረምት ለጃፓን ነዳጅ መሸጥ ስታቆም፣ ጃፓን የደቡብ ምሥራቅ እስያን የነዳጅ ጉድጓዶች ለመያዝ ጦርነቱን አሰፋች።

በሐረማያ ዙሪያ ሞተርና ቱቦ የነበረው በእነዚህ አገሮች መካከል ታንክና አውሮፕላን ሆነ። የነገሩ ሥር ግን አንድ ነው፤ የጋራ የሆነውን ሁሉም ለየብቻው መቅዳቱ ነው።

ነዳጁ አልቋል ወይ?

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የዓለም ነዳጅ ሊያልቅ ነው የሚለው ስጋት በሰፊው ይነገር ነበር። እንደ ተፈራው ግን አልሆነም። አሜሪካ ከድንጋይ ንጣፍ ውስጥ ነዳጅ የማውጣት ዘዴን ስላስፋፋች የዓለም ምርት ጨመረ። ዓለም አሁን በቀን ወደ 100 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ትጠቀማለች። ሆኖም በቀላሉ የሚቀዱት የቆዩ ጉድጓዶች እየደከሙ ይሄዳሉ፤ አዲሱን ለማውጣትም ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል።

ዛሬ ትልቁ ስጋት ያለው በመተላለፊያው ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. አካባቢ በሆርሙዝ ሰርጥ በቀን 20 ሚሊዮን በርሜል ያህል፣ ማለትም ከዓለም ፍጆታ አንድ አምስተኛው ያልፍ ነበር። ባብ ኤል መንደብ ደግሞ የኢትዮጵያ ጎረቤት ናት፤ ጅቡቲ በደጃፏ ላይ ነች። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ሲያጠቁ ብዙ የመርከብ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ ዞረው ለመሄድ ተገደዋል። የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስም ጨመረ። ነዳጇንና ማዳበሪያዋን በጅቡቲ በኩል ለምታስገባ አገር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የኦጋዴን ጋዝ፤ በረከትና ፈተና

በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ መኖሩ የታወቀው በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ነው። ብዙ ሳይቆይ የ1969 እና 1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ወረራ መጣ። የወረራው ምክንያት የወሰን ጥያቄ ነበር፤ ጋዙም ተቀብሮ ቀረ። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. በአቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ሰፈር ላይ በደረሰው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ሕይወታቸው ጠፋ። ከሞቱት ብዙዎቹ ለእንጀራቸው የወጡ ሠራተኞች ነበሩ።

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የካሉብ ጋዝ ምርት የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ። በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባትም ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተደርጓል። ለገበሬው ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ዩሪያው በአገር ውስጥ ከተመረተ ከባሕር ማዶ ጠብ ግማሽ መንገድ መራቅ ይቻላል። ይሁን እንጂ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆን አይገባም። ከጋዙ ጉድጓድ አጠገብ የሚኖረው አርብቶ አደር ውሃውን፣ ግጦሹን፣ ሥራውንና ድርሻውን በግልጽ ካላየ ጋዙ የጠብ ምክንያት ይሆናል። ድርሻውን ካየ ግን ጋዙን እንደራሱ ንብረት ይጠብቀዋል።

ከዩኒየኑ የሚጠበቀው

የሆርሙዝን ሰርጥ መክፈትም መዝጋትም በገበሬ ማኅበር እጅ አይደለም። በእጁ ያለው ግን ጥቂት አይደለም።

አንደኛ፣ ማዳበሪያና ሌሎች ግብዓቶች የሚያስፈልገው መጠን በየማኅበሩ ቀደም ብሎ ተመዝግቦ በወቅቱ እንዲቀርብ ማድረግ ነው። በመጨረሻው ሰዓት የሚገዛ ሰው የጦርነቱን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ይከፍላል።

ሁለተኛ፣ ኮምፖስትን፣ ፍግንና ከማሽላ ጋር ቦሎቄ አሰባጥሮ መዝራትን ማጠናከር ነው። ይህ አባቶች የሚያውቁት ሥራ ነው። ዩሪያን ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ ጥገኝነትን ግን ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ የናፍጣ ሞተርን በፀሐይ ፓምፕ መተካት ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ናፍጣ ውድ መሆኑ ገበሬውን ሞተሩን እንዲያጠፋ ያስገድደዋል። ፀሐይ ግን ነጻ ናት፤ ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ የሚያስቆመው የለም። ስለዚህ ፓምፑ ከመተከሉ በፊት ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት እንደሚቀዳ በጠቅላላ ጉባኤ መወሰን አለበት። አለበለዚያ ሐረማያ ሁለተኛ ይደርቃል።

አራተኛ፣ የድንችና የሽንኩርት ማቆያ ማዘጋጀት ነው። መኪና ናፍጣ አጥቶ ሁለት ቀን ሲዘገይ ምርቱ ማሳ ላይ እንዳይበሰብስ፣ ገበሬውም ደላላው በቆረጠለት ዋጋ እንዳይሸጥ ያደርጋል።

በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 እንደ ተደነገገው በማኅበር ውስጥ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። ግማሽ ሄክታር ያለውም ሁለት ሄክታር ያለውም እኩል እጁን ያወጣል። ታላላቆቹ መንግሥታት ስለ ነዳጅ እስከ ዛሬ ያልደረሱበት ስምምነት ይህ ነው። እነርሱ ዘንድ ብዙ መርከብ ያለው ብዙ ይናገራል። በየቀበሌው ያለ ማኅበር ውሃውን፣ ግብዓቱንና ገበያውን በስምምነት ሲካፈል ከሆዱም አልፎ ለሰላም ይሠራል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ቃል በየበዓሉ ይነገራል። ቀጣዩ የውሃ ተራ ሲወጣ፣ ቀጣዩ የማዳበሪያ ዝርዝር ሲሞላ እያንዳንዱ አባል በቦታው ተገኝቶ ድምፁን ሲሰጥ ቃሉ ሥራ ይሆናል።