የልጅ መንጋጋ ሲያብጥ



የልጅ መንጋጋ ሲያብጥ ብዙ ጊዜ «ጥርሱ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ዶክተር ዴኒስ በርኪት ግን ካምፓላ ውስጥ ያከሟቸውን ሕፃናት ተከታትለው፣ እንዲህ ያለው እብጠት ካንሰር ሊሆን እንደሚችል በ1958 እ.ኤ.አ. ጻፉ። ቀጥሎም የፓቶሎጂ ሐኪሞች ናሙናውን በማይክሮስኮፕ መርምረው ሊምፎማ፣ ማለትም የበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ካንሰር መሆኑን ለዩ። ዛሬ ሲዲ10 እና ሲዲ20 የተባሉ የሕዋስ ምልክቶች የሊምፎማውን ዓይነት ለማወቅ ይረዳሉ።

ይህ በሽታ በጥቂት ቀናት ውስጥ እጥፍ ያድጋል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ግን በመድኃኒት ሊድን ይችላል። እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ቁርጡን የሚናገረው ግን ናሙናው ነውና «ቢላ ከነካው ይብሳል» እያልን አንከልክል። እብጠቱን ባየንበት ዕለት ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ።