ክኒኑ ሳያልቅ



እኛ ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች ዛሬ የምናነሣው ስለ አንድ ብልቃጥ ክኒን ነው። ደም ብዛት የያዘው ሰው መድኃኒቱን ዕለት ዕለት መዋጥ አለበት። ለአንድ ወር ክኒን ከሩቅ ቀበሌ መካነ ኢየሱስ ድረስ በእግሩ የሚመጣ ገበሬ ግን አጨዳ ሲደርስ ቀጠሮው ያልፈዋል፤ ሕመሙም አይሰማውምና «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። ይኸው ደዌ ውሎ አድሮ ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ አንጎልንም መትቶ ሽባ ያደርጋል።

መላው በአገራችን ተፈትኗል። በ1997 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ሲጀምር ሕመምተኛው ደጋግሞ ይመላለስ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ግን ጤናው የጸና ሰው የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲወስድ ተፈቀደ። ለደም ብዛትስ ስለምን አይሆንም? እርግጥ ልኩ ያልረጋለት ሰው ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት። የረጋለት ግን በመዝገብ ተለይቶ ቢታወቅ፤ መድኃኒት ቤቱ ድርሻውን አስቀድሞ አስልቶ ማዘዝ ይችላል።

ነገ ሐኪምና ፋርማሲስት የምንሆነው ይህን እንሥራ። እስከዚያው ለዕረፍት አገር ቤት ስንገባ የወላጆቻችንን ክኒን እንቁጠር፤ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ቀጠሮውን እናስታውሳቸው።