በቀኝ የተቀመጠው ሊቀ ካህናት፦ የክርስቶስ ምልጃና የምእመን መተማመን



የዛሬው ርእሳችን በአገራችን የሃይማኖት ክርክር ውስጥ ሰፊ ስፍራ ከያዙት ጉዳዮች አንዱ ነው። በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 8 ቁጥር 34 ላይ የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ክርስቶስ «የሚማልደው» ሲል፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የ2000 ዓ.ም. እትም «የሚፈርደው» ይላል። በዚህ አንድ ቃል ላይ «አማላጅ ነው ወይስ ፈራጅ?» የሚል ሙግት ተነሥቶ እስከ ዛሬ አልበረደም። የንግግሬ ዓላማ ለአንዱ ወገን ድል ማወጅ አይደለም። የቅዱሳን ምልጃም ራሱን የቻለ ሰፊ ርእስ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ። ዛሬ የምጠይቀው፣ የክርስቶስ ምልጃ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ለምእመኑስ ምን ዓይነት መተማመን ይሰጠዋል? የሚለውን ነው።

ከቃሉ እንጀምር። የግሪኩ ግስ «ኤንቱግካኖ» ነው፤ መሠረታዊ ትርጉሙ ከአንድ ሰው ጋር መገናኘት፣ ጉዳይ ይዞ ወደ እርሱ መቅረብ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 25 አይሁድ ጳውሎስን ከስሰው ወደ ፊስጦስ ሲቀርቡ የገባው ይኸው ግስ ነው። በሮሜ ምዕራፍ 11ም ኤልያስ በእስራኤል ላይ ለእግዚአብሔር አቤት ማለቱ በዚሁ ቃል ተነግሯል። እንግዲህ ግሱ «መፍረድ» ማለት አይደለም፤ መንበርከክንና መለማመጥንም በራሱ አያመለክትም። የሚገኝበት ክፍል ግን በእርግጥ የፍርድ አደባባይ ነው፤ ሐዋርያው የሚጠይቀው ማን ይከሳል፣ ማን ይኰንናል ብሎ ነውና።

ችግሩ ያለው ለቃሉ ይዘንለት በምንመጣው ሥዕል ላይ ይመስለኛል። በእኛ ባህል አማላጅ የሚላከው የተቆጣውን ሰው ልብ እንዲያራራ ነው። ሽማግሌዎች ይላካሉ፤ ተበዳዩ እንቢ ይላል፤ እነርሱም ደጅ ይጠናሉ። ይህን ሥዕል ወደ ሰማይ ስናወጣው አብ ይቅር ለማለት የሚያመነታ፣ ወልድም የሚለማመጥ ሆነው ይታዩናል። የሮሜ ምዕራፍ 8 አካሄድ ግን ተቃራኒው ነው፤ ልጁን ስለ ሁላችን አሳልፎ የሰጠው ራሱ አብ ነው። ጠበቃውን ያቆመው ዳኛው ከሆነ፣ የጠበቃው ሥራ ዳኛውን ማባበል ሊሆን አይችልም።

ጥንታውያን አባቶችም ይህን አስተውለዋል። እ.ኤ.አ. በ380 አካባቢ በቍስጥንጥንያ፣ የአርዮስን መንገድ የተከተሉ ወገኖች «የሚማልድ ከሆነ ከአብ ያንሳል» ብለው ሲከራከሩ፣ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ምልጃው እንደ ባሪያ መውደቅ አለመሆኑን አስረዳ፤ በእርሱ አስተምህሮ ክርስቶስ የሚማልደው የነሣውን ሥጋ እንደ ያዘ በአብ ዘንድ በመገኘቱ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅም ቃሉ የፍቅሩን ታላቅነት ለማሳየት የተነገረ መሆኑን አስተምሯል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከእነዚህ በብዙ የሚለየው ካልቪን እንኳ ምልጃውን በጉልበት ተንበርክኮ እንደሚቀርብ ልመና ማሰብ እንደማይገባ ጽፏል። በሌላ ብዙ ነገር የሚለያዩ መምህራን እዚህ ላይ መቀራረባቸው ልብ ሊባል ይገባዋል።

የዕብራውያን መልእክት ጉዳዩን በአንድ ቀላል ዝርዝር ያብራራዋል። ምዕራፍ 10 ላይ የቀደሙት ካህናት ዕለት ዕለት ቆመው ሲያገለግሉ፣ ክርስቶስ ግን አንድ መሥዋዕት አቅርቦ መቀመጡ ተጽፏል። የሚቆም ካህን ሥራው ገና ነው፤ የሚቀመጥ ካህን መሥዋዕቱን ፈጽሟል። ይኸው መልእክት በምዕራፍ 7 ሊቀ ካህናቱ ሊያማልድ ዘወትር ሕያው መሆኑን ይናገራል። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነብ፣ ምልጃው የጎደለ መሥዋዕት ማሟያ ሳይሆን የተፈጸመው መሥዋዕት በሕያው አካል ዘወትር በአብ ፊት መገኘቱ ነው።

ወደ መተማመን እንምጣ። በዚህ ላይ አብያተ ክርስቲያናት አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1547 የትሬንት ጉባኤ፣ ልዩ መገለጥ ካልተሰጠው በቀር ማንም እስከ ፍጻሜ እንደሚጸና በፍጹም ርግጠኝነት ሊናገር እንደማይችል ደነገገ። በ1563 የወጣው የሃይደልበርግ ካቴኪዝም በበኩሉ ከዕርገቱ ጥቅሞች መካከል በሰማይ ጠበቃ እንዳለን መሆኑን ቆጠረ። በ1646 የተጠናቀቀው የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ ርግጠኝነት ይቻላል ካለ በኋላ፣ እውነተኛ አማኝም ሳያገኘው ብዙ ሊታገል እንደሚችል፣ ካገኘውም በኋላ ሊናወጥበት እንደሚችል አመነ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቢሆንም መተማመን በሰው ብቃት ላይ እንዳይመሠረት ሁሉም ያስጠነቅቃሉ፤ ትሬንት ከንቱ ትምክሕትን ሲያወግዝ፣ ዌስትሚንስተርም የግብዞችን ባዶ ተስፋ ይነቅፋል።

«እንዲህ ያለ መተማመን ስንፍናን አያመጣምን?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን በሉቃስ ምዕራፍ 22 እናገኛለን። ጌታ ለጴጥሮስ የጸለየው ከክህደቱ በፊት ነው። ጸሎቱ ጴጥሮስን ከመውደቅ አላገደውም፤ እምነቱ ግን ፈጽሞ እንዳይጠፋ ጠበቀው። ከዚያም ሲመለስ ወንድሞቹን እንዲያጸና ታዘዘ። ስለዚህ የምልጃው ፍሬ ግዴለሽነት ሳይሆን መራራ ለቅሶ፣ መመለስና አገልግሎት ነበር። በዚያች ሌሊት ጴጥሮስ ወደ ልቡ ተመልክቶ ቢሆን ኖሮ የሚተማመንበት አንዳች ነገር ባላገኘ ነበር። ተስፋው ያረፈው እርሱ ከመውደቁ በፊት ስለ እርሱ በተጸለየው ጸሎት ላይ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ጸሎቱ ሲሞቅለት እንደ ዳነ፣ ሲቀዘቅዝበት እንደ ተጣለ የሚቆጥር ምእመን በየቤተ እምነቱ አለ። የተመለከትነው ትምህርት ለእርሱ የሚለው ግልጽ ነው፦ የልብህ ሙቀት የቀኑን ሁኔታ ይነግርሃል፤ በአብ ቀኝ ያለውን ግን አያስነሣውም፣ አያስቀምጠውም። «አማላጅ ወይስ ፈራጅ?» የሚለውን ክርክር ስትቀጥሉም፣ ከክርክሩ በስተጀርባ ተስፋ ሊቆርጥ የደረሰ ሰው መልስ እንደሚጠብቅ አትዘንጉ።