ቡቺ የታለ?



ጦር ኃይሎች፣ የቀላል ባቡሩ የምዕራብ መጨረሻ ጣቢያ አካባቢ፣ ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን ውሻ ቡቺ ሞተ። አባትየው በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ ሊያስጥለው ሲል እናትየው «ልጄ ሳትሰናበተው?» ብላ ከለከለች። ጓሮ ቆፍረው ቀበሩት። ልጅቱ የሚበላበትን ሳህን አጥባ አፈሩ ላይ ደፋችው። እስካሁን ማንም አላነሳውም።

ለልጅ «ገጠር ሄዷል» ማለት ይቀላል፤ ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር ያስሮጣታል። «ሞቷል፣ አይመለስም» በሏት። ታልቅስ። ብዙዎቻችን ለውሻ ማልቀስ ነውር ይመስለናል። ጃንሆይ እንኳ ሉሉ ለተባለው ትንሽ ውሻቸው በቤተ መንግሥታቸው ግቢ መቃብር አሠርተውለታል።

አዲስ ቡችላስ? እባካችሁ አትቸኩሉ። በተሰበረ ብርጭቆ ፋንታ እንደሚገዛ ዕቃ አይደለም። ልጅቱ ስለ ቡቺ እያወራች መሳቅ ስትጀምር፣ ራሷም ስትጠይቅ፣ ያኔ አምጡላት። ስሙን እሷ ታውጣለት፤ ቡቺ ግን አይባል፣ ያ ስም ባለቤት አለው። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡት፤ በየዓመቱም አሳድሱለት። ክትባቱን ሲወጋ ልጅቱ አብራችሁ ትሂድ፣ ትያዘው።