የሚጮኽ የመሪ ፓምፕ፤ ከፍርድ በፊት ምርመራ



ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በኦፋ ወረዳ ወደምትገኘው ገሱባ የሚመላለስ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ይታሰብ። ሾፌሩ በገበያው ዳር ለማዞር መሪውን በጠመዘዘ ቁጥር ከሞተሩ በኩል ረጅም የማቃሰት ድምፅ ይሰማል። መካኒኩ ኮፈኑን ሳይከፍት «ፓምፑ ሞቷል» ብሎ ቢፈርድ ባለመኪናው ሌላ ፓምፕ ፍለጋ ወደ ሶዶ፣ እዚያም ቢያጣ ወደ አዲስ አበባ ይልካል፤ መኪናው ይቆማል፤ የቤተሰብ ገቢም ይቋረጣል። አዲሱ ፓምፕ ተገጥሞ ያው ድምፅ ሲመለስ ደግሞ ከገንዘቡ ጋር በሙያው ላይ የነበረው እምነት ይጠፋል። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» ማለት ይህ ነው።

በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪን ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1926 እ.ኤ.አ. ሠርቶ አሳየ፤ ለገበያ በቀረበ የቤት መኪና ላይ የዋለው ግን ክራይስለር በ1951 እ.ኤ.አ. ባወጣው ኢምፔሪያል ነው። በአሮጌዎቹ መኪኖች ላይ ያለው አሠራር በመሠረቱ ያው ነው። ሞተሩ በቺንጋ ፓምፑን ያዞራል፤ በፓምፑ ውስጥ ያሉት ስስ ምላሶችም ዘይቱን ከማጠራቀሚያው ስበው በግፊት ወደ መሪው ሳጥን ይልካሉ። ስለዚህ ፓምፑ ጤነኛ ቢሆንም ዘይት ሲያንሰው፣ አየር ሲስብ ወይም የመሳቢያው ቱቦ ሲጠብበት ይጮኻል። የሚጮኽ ሁሉ በደለኛ አይደለም።

የምርመራው መጀመሪያ ድምፁን መለየት ነው። መሪው ሲዞር የሚሰማ ስለታም ጩኸት የላላ ወይም ያረጀ ቺንጋን ያመለክታል። በሞተሩ ፍጥነት የሚጨምር ማቃሰት የዘይት ማነስ ወይም የአየር ምልክት ነው። መሪው እስከ መጨረሻው ሲታጠፍ የሚሰማው ፉጨት ከግፊት ማስተንፈሻው የሚመጣ ስለሆነ ብልሽት አይደለም፤ ነገር ግን ዘይቱን ስለሚያግል መሪውን እዚያ ይዞ ማቆየት አይገባም። መሪው ሳይነካም የማያቋርጥ የመፍጨት ድምፅ ከተሰማ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ይህ ድምፅ ከዲናሞው ወይም ከውኃ ፓምፑም ሊመጣ ስለሚችል፣ ቺንጋውን አውልቆ እያንዳንዱን ፑሌጃ በእጅ ማሽከርከር ጥፋተኛውን ይለያል።

ቀጥሎ ዘይቱ ይታያል። አረፋ የያዘ ወይም ወተት የመሰለ ዘይት አየር እንደገባበት ይመሰክራል፤ የጠቆረና የብረት ብናኝ የሚያብለጨልጭበት ደግሞ የውስጥ መፋቅን ይናገራል። የመሳቢያው ቱቦ ወደ ውስጥ የሚስብ በመሆኑ አንዲት ጠብታ እንኳ ሳያንጠባጥብ አየር ሊያስገባ ይችላል፤ የደረቀ ጎማና የላላ ፋሼታ በጥንቃቄ ይመርመሩ። በማጠራቀሚያው ውስጥ ማጣሪያ ካለ በቆሻሻ አለመደፈኑ ይረጋገጥ። ሲሞላም የመኪናው መጽሐፍ ያዘዘው ዘይት ብቻ ይሁን፤ የፍሬን ዘይት ግን የፓምፑን ጎማዎች ስለሚያበላሽ ፈጽሞ አይጨመርም።

አየሩን ለማስወጣት የፊት ጎማዎች በክሪክ ተነሥተው መኪናው በካቫሌቶ ላይ ያርፋል። ሞተሩ ሳይነሣ መሪው ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ይመላለሳል፤ የጎደለው ዘይት ይሞላል፤ ከዚያም ሞተሩ ተነሥቶ በሚኒሞ እየሠራ ይደገማል። ሞተሩ ሲጠፋ በማጠራቀሚያው ያለው ዘይት ጉልህ ሆኖ ከፍ ካለ አየሩ ገና አልወጣም። በብዙ የቶዮታ መጻሕፍት ወሰኑ 5 ሚሊ ሜትር ነው።

ይህ ሁሉ ተፈጽሞ ድምፁ ካልቀረ የግፊት መለኪያ ይገጠማል። የመለኪያው ቫልቭ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ተዘግቶ ንባቡ በመጽሐፉ ካለው ጋር ይነጻጸራል። ቺንጋውና ዘይቱ ደኅና ሆነው ግፊቱ ካነሰ ፓምፑ ተፈርዶበታል። አዲሱ ከመገጠሙ በፊት ግን ቱቦዎቹ ይታጠቡ፤ ያለዚያ የአሮጌው ብናኝ አዲሱን ይበላዋል።

በእርግጥ መለኪያ በየጋራዡ አይገኝም። ይሁን እንጂ ከእርሱ በፊት ያሉት ምርመራዎች ከጆሮ፣ ከዓይን፣ ከእጅና ከተራ መፍቻ በላይ አይጠይቁም። ድምፁንም ንቆ መተው አይገባም፤ ዘይቱ ቁልቁለት ላይ ቢያልቅ መሪው በድንገት ይከብዳልና። በገሱባም ሆነ በአዲስ አበባ መካኒኩ ለባለመኪናው ያለበት ግዴታ አንድ ነው፤ ይኸውም ምን እንደመረመረና ምን እንዳገኘ አሳይቶ፣ ስለ ፓምፑ ዋጋ የሚነግረው ከዚያ በኋላ እንዲሆን ነው።