ጡሩንባው ለፊልም ሲነፋ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር፤ ላልተገኙ አባላት በሰሌዳ የወጣ)



የመዋጮው ሂሳብና የወፍጮ ቤቱ መንገድ ጥርጊያ በገንዘብ ያዡና በሊቀ መንበሩ ስለሚነገር እኛ ወደዚያ አንገባም። እኛ የምንናገረው በመስከረም መጨረሻ ፊልም ሊያነሱ ወደ ሰፈራችን መጥተው ስለነበሩት ሰዎችና በዚያው ምክንያት ስለደረሰው ነገር ነው። በጠላ ቤትም በቡና ላይም ስታነሡት ሰምተናል። በጓሮ ከሚወራ በአደባባይ ይነገር ብለናል። ጥፋቱ የሚጀምረው ከኛው ከኮሚቴው ስለሆነ ከራሳችን እንጀምራለን።

ሰዎቹ የትብብር ደብዳቤ ይዘው መጡ፤ ማኅተም አለው። የጠየቁን የለቅሶውን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮቹንና ጡሩንባውን ለአንድ ቀን እንድናከራያቸው ነው። ከፍለዋል፣ ደረሰኝ ተቆርጧል፣ ገንዘቡም ገቢ ሆኗል፤ የፈለገ ሰው ገንዘብ ያዡን ጠይቆ ማየት ይችላል። ጡሩንባውን ለምን ፈለጋችሁት ብለን ግን አልጠየቅንም። ለጌጥ ይሰቅሉት ይሆናል አልን። ነፊውም አብሮ እንዲሄድ ያዘዝነው እኛ ነን። ሰውየው ታዞ ነው የነፋው፤ በሱ ላይ የሚወራው ከዛሬ ጀምሮ ይቁም።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ወደ ወፍጮ ቤት የሚወስደውን መንገድ በገመድ ዘጉት። እህል ያዘለች ሴት፣ አህያ የሚነዳ ሽማግሌ፣ ሁሉም ቁም ተባለ። «ሁለት ደቂቃ ናት» ይላሉ። የፊልም ሁለት ደቂቃ ግን እንደኛ አገር «መጣሁ» ናት፤ ገመዱ ሳይፈታ እኩለ ቀን ሆነ። ምጥ የያዛት ሴት የጫነ ባጃጅ ደርሶ ያሳልፉን ቢል፣ ይችን አንዲት ነገር እንጨርስና ተባለ። ባጃጁ ዞሮ በድንጋያማው በኩል ሄደ። እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ተገላግላለች፤ ባትገላገልስ ኖሮ ምን እንል ነበር?

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጡሩንባው ተነፋ።

እንግዲህ ጡሩንባ ሲነፋ የኛ ሰው ማን ሞተ ብሎ ይሮጣል እንጂ ፊልም ይሆናል ብሎ አይቆምም። አናጢው መላጊያውን ጥሎ መጣ። እንጀራ በምጣድ ላይ ትታ የመጣች አለች። ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ከታች ሰፈርም ከላይ ሰፈርም ሲደርሱ ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ የማያውቋቸው ሰዎች ደረት ይመታሉ። አንዲት እናታችን፣ ስማቸውን አንጠራም፣ ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ከወረደ ወር አልፎት ነበር፤ ስልክም አልደወለም። በባዶ እግራቸው እየሮጡ «የማን ነው? የማን ነው?» ይላሉ። «እትየ፣ ፊልም ነው» ቢሏቸው አልሰሙም። ድንኳኑን ሲያዩ እዚያው ወደቁ። ካሜራው ወደሳቸው ዞረ። ከሰዎቹ አንዱ «እንዳትቆርጠው!» ሲል እኛው ራሳችን ሰምተናል። በኋላ ልጁ ደህና መሆኑ ተሰማ፤ እሳቸው ግን ብዙ ቀን እህል አልቀመሱም።

ይህ ሳያንስ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ አባታችን በሌሊት አረፉ። ጡሩንባው ሲነፋ ስንቱ በአልጋው ላይ ተገላበጠ? «ደግሞ ጀመራቸው» ያለ አለ። መቃብር ቆፋሪ የደረሰው ከረፋዱ በኋላ ነው። ሬሳው እቤት፣ ቤተሰቡ ደጅ፣ ሰው የለም። ይህ በማኅበራችን ታሪክ ሆኖ አያውቅም። በዚያ ኪራይ የሸጥነው ይህን መሆኑን ያን ጠዋት ነው ያወቅነው።

ይህን ስንል ፊልም አይምጣብን ማለታችን አይደለም። የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የሠራው ገበሬዎችን ራሳቸውን አጫውቶ ነው። ታሪኩ በጣና ዳር መንደር የሚውለው «ጤዛ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በጣሊያን አገር በቬኒስ ተሸልሟል። እኛም በዚህ እንኮራለን። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ የኬንያው ተወላጅ መሐመድ አሚን ያነሣው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን ቀሰቀሰ፤ እርዳታ መጣ፣ ብዙ ነፍስም ተረፈ። (ይኸው ሰው በኅዳር 1989 ዓ.ም. በጠላፊዎች ተይዞ ኮሞሮስ ላይ በወደቀው በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ።) የኮረሙን ሰው ፈቅደሃል ወይ ብሎ የጠየቀው መኖሩን እንጃ። ግን ያ የነፍስ ጉዳይ ነበር። የኛው የነፍስ ጉዳይ አልነበረም፤ በሌላ ቀን፣ ያለጡሩንባ ሊሠራ ይችል ነበር።

ሕጉንም ያነበበልን ሰው አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ እስከዛሬም የምንዳኝበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም ይላል። ቁጥር 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግበትን ያወጣል፦ ሰውየው የታወቀ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለፍርድና ለፖሊስ ሥራ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት፣ እንዲሁም በአደባባይ ለተደረገ ነገርና ሥነ ሥርዓት። ስለዚህ ጎንደር ወርደን በፋሲል መዋኛ ጥምቀትን ስናከብር ካሜራ ቢያነሣን አቤት የምንልበት የለም። የእናታችንስ? አንሺዎቹ በአደባባይ ነው የወደቁት ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ። እኛ ደግሞ በውሸት ጡሩንባ ተጠርተው ነው የወደቁት እንላለን። የቀረው የዳኛ ነው። በቁጥር 29 ምስሉ ያለፈቃድ የታየበት ሰው ይቁምልኝ ሊል ይችላል፤ ፍርድ ቤትም አሳዪው ካገኘው ጥቅም ጋር የሚተካከል ካሳ ሊያስከፍለው ይችላል።

እናታችንን ጠየቅናቸው። «ካሳ አልፈልግም፣ ያንን ያውጡልኝ» አሉ። በስማቸው ደብዳቤ ጽፈን ጣታቸውን ፈርመው ልከናል። ከፊልሙ እናወጣዋለን የሚል መልስ በስልክ መጥቷል፤ በጽሑፍ አምጡ ብለናል፣ እስካሁን አልመጣም።

አሁን ደግሞ የሚያሳፍረው። እሳቸው ወድቀው ሳሉ ስልክ አውጥቶ ያነሣ የኛው ልጅ ነው። በቲክቶክ ላይ ሳቅ ተጨምሮበት ከሰፈር ሰፈር ሲዞር የነበረው የፊልም ሠሪዎቹ ሥራ አይደለም። ልጆቹን እናውቃቸዋለን፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ወላጆች ዛሬ ማታ የልጆቻቸውን ስልክ ይዩ፤ ልጆቹም ነገ ሄደው የእናታችንን እግር ይሳሙ። ሕጉ ለሚኒባስ ሰው ብቻ አልተጻፈም።

በሌላው ዓለም ነገሩ እንዴት ነው ብለን ወጣቶቹን ስንጠይቅ፣ የፊልም አገር በምትባለው በሎስ አንጀለስ መንገድ የሚዘጋ ፊልም ሠሪ ፈቃድ ማውጣት እንዳለበት፣ በአካባቢው ላለው ነዋሪም አስቀድሞ ማስታወቂያ እንደሚደርስ አንብበውልናል። እነሱ ጋ በየቀኑ ፊልም እየተነሣ እንኳ ሰው ቀድሞ ይነገረዋል።

ስለሆነም ኮሚቴው ለጉባኤው የሚያቀርበው እንዲህ ነው። ጡሩንባው ከእንግዲህ በማንም ደብዳቤ፣ በምንም ዋጋ አይከራይም፤ ነፊውም ከሞት በቀር እንዳይነፋ። ድንኳኑ የሚከራየው ምን እንደሚቀረጽ በዚህ ሰሌዳ ላይ ሁለት ቀን ቀድሞ ከተለጠፈ በኋላ ነው። በገበያ ቀን መንገድ አይዘጋም፤ በሌላ ቀን ቢዘጋም ለታመመና ለወላድ ገመዱን የሚፈታ የኛ ሰው እዚያው ይቆማል። ሕፃን ልጅ በሃምሳ ብርና በብስኩት ተታሎ ካሜራ ፊት አይቁም፤ እናት ወይም አባት ይጠየቁ። በመስከረሙ ኪራይ የመጣው ገንዘብ ደግሞ ያለሰው የተቀበሩትን የአባታችንን የአርባ ወጪ ይሸፍን እንላለን፤ ጉባኤው ሌላ ካለ ይንገረን።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥምቀት በፊት ሊመጡ የሚፈልጉ ሌሎች ፊልም ሠሪዎች ደብዳቤ ልከዋል። የጠየቁት የውኃ ቦኖውን አካባቢ ለግማሽ ቀን ነው። የቦኖው ወረፋ የሴቶች ስለሆነ፣ እንቢም እሺም የሚሉት በመጀመሪያ እነሱ ናቸው። ደብዳቤው ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ተለጥፏል፤ ማንበብ ለማትችሉ ዘወትር ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ በጽሕፈት ቤቱ እናነብላችኋለን። ስም የሚጻፍበት ወረቀት እዚያው አለ።