የማዕዘኖች ድምርና ልዩነት ቀመር፤ ከጥቁር ሰሌዳ እስከ አራተኛው ሽቦ




በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያለፈ ሰው ብዙውን ጊዜ የማዕዘኖችን ድምርና ልዩነት ቀመር በቃሉ አጥንቷል፤ ከፈተናውም ማግስት ረስቶታል። የመረሳቱ ምክንያት የቀመሩ ክብደት ሳይሆን፣ ለምን እንደሚያገለግል ሳይነገር መሰጠቱ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም ቀመሩ የተንዛዛውን ከማሳጠር አልፎ የተሸሸገውን እውነት እንደሚገልጥ፣ እውነቱም የሚጸናበትንና የሚፈርስበትን ሁኔታ ለይቶ እንደሚያሳውቅ በአንድ የታወቀ ምሳሌ ማስረዳት ነው።

በቅድሚያ የተለመደውን ስሕተት መመልከት ይገባል። ተማሪ የ75 ዲግሪን ሳይን ሲጠየቅ፣ 75 የ45 እና የ30 ድምር ስለ ሆነ፣ የሁለቱን ሳይኖች ለመደመር ይቸኩላል። የ45 ዲግሪ ሳይን 0.7071፣ የ30 ደግሞ 0.5 በመሆኑ 1.2071 ያገኛል። ነገር ግን የማናቸውም ማዕዘን ሳይን ከ1 ሊበልጥ ስለማይችል፣ መልሱ ራሱ በራሱ ላይ ይመሰክራል። ትክክለኛው ቀመር እንዲህ ነው፤

ሳይን(ሀ+ለ) = ሳይን ሀ × ኮሳይን ለ + ኮሳይን ሀ × ሳይን ለ

ለልዩነት ሲሆን በመካከል ያለው የመደመር ምልክት ወደ መቀነስ ይለወጣል። የ45 ዲግሪ ሳይንና ኮሳይን እኩል በመሆናቸው፣ የ75 ዲግሪ ሳይን 0.7071 × (0.8660 + 0.5)፣ ማለትም 0.9659 ይሆናል።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። የእስክንድርያው ሊቅ ቶለሚ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው ምዕተ ዓመት፣ አልማጀስት በተባለው መጽሐፉ ውስጥ የክበብ አውታሮችን ሠንጠረዥ ሲያዘጋጅ፣ የ72 እና የ60 ዲግሪን አውታሮች ይዞ በልዩነት ደንብ የ12 ዲግሪን አውታር አወጣ፤ ይህንም እያጋመሰ ወደ ትንንሾቹ ማዕዘኖች ወረደ። ከታወቀው ተነሥቶ ያልታወቀውን መድረስ የቀመሩ የመጀመሪያ አገልግሎት ነበር።

ዛሬ ይኸው ቀመር በየመንገዱ ዳር በቆመው የመብራት ምሰሶ ላይ ይሠራል። በኢትዮጵያ ወደየመንደሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው መስመር ሦስት ፌዞችና ኒውትራል የተባለ አራተኛ ሽቦ አሉት። የሦስቱ ፌዞች ቮልቴጅ በሳይን ቅርጽ ይወዛወዛል፤ አንዱም ከሌላው በ120 ዲግሪ ይለያል። ከፌዝ እስከ ኒውትራል 220 ቮልት ሲሆን፣ በሁለት ፌዞች መካከል ግን 380 ቮልት ይገኛል። 440 ያልሆነበትን ምክንያት የልዩነት ቀመር ይመልሳል፤ ሳይን ሀ − ሳይን(ሀ−120) ሲቃለል 1.732 × ሳይን(ሀ+30) ይሆናልና፣ 220 በ1.732 ሲባዛ ወደ 381 ይደርሳል።

ኒውትራሉ የሚሸከመው የሦስቱን ፌዞች ጅረት ድምር ነው። ጭነታቸው በሁሉ ረገድ እኩል ሲሆን ድምሩ ሳይን ሀ + ሳይን(ሀ−120) + ሳይን(ሀ+120) ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ በቀመሩ ሲተነተኑ ኮሳይን ሀ ያለባቸው ክፍሎች ይጣፋሉ፤ የሚተርፈው 2 × ሳይን ሀ × ኮሳይን 120 ነው። ኮሳይን 120 ከዜሮ በታች 0.5 ስለ ሆነ፣ ይህ ከመጀመሪያው ሳይን ሀ ጋር ሲደመር ዜሮ ይሆናል። ሦስት ፌዞች ኃይል ሲያስተላልፉ አራተኛው ሽቦ ባዶ ሆኖ ይውላል ማለት ነው።

ሆኖም ዜሮው የተገኘው ሦስቱ እኩል ስለ ሆኑ ብቻ ነው። በአንዱ ፌዝ ላይ የእንጀራ ምጣዶች በርተው፣ በሌላው ላይ አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ቢኖር፣ ልዩነቱን ኒውትራሉ ይሸከማል። በዚያ ሰዓት ኒውትራሉ ቢበጠስ፣ ምጣድ በበዛበት ፌዝ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ጭነት ባነሰበት ከ220 በላይ ይወጣል። ምንም ያላጠፋው ሰው ቴሌቪዥን የሚቃጠለው ያን ጊዜ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኮምፒውተርና የኤል ኢ ዲ አምፖል የመሳሰሉ መሣሪያዎች ንጹሕ የሳይን ቅርጽ ያለው ጅረት አይስቡም፤ በሦስት እጥፍ ፍጥነት የሚወዛወዝ ክፍልም ይጨምሩበታል። በዚህ ክፍል ውስጥ 120 በ3 ተባዝቶ 360 ዲግሪ፣ ማለትም ሙሉ ዙር ይሆናል። ስለዚህ በሦስቱ መካከል የነበረው ልዩነት ይጠፋና፣ መጣፋታቸው ቀርቶ አንድ ላይ ይደመራሉ። ጭነቱ በእኩል ተከፋፍሎም ሳለ ኒውትራሉ ሊሞቅ ይችላል። ባዶ ነው ተብሎ ቀጭን ሽቦ የተዘረጋበት ሕንፃ አደጋው ከዚህ ይመነጫል።

እንግዲህ መምህሩ ቀመሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ፣ ዜሮው ከየት እንደ መጣ ብቻ ሳይሆን መቼ ዜሮ መሆኑ እንደሚቀር ቢጠይቅ፣ ተማሪው ከፈተና በኋላም የሚይዘው ነገር ያገኛል። መሐንዲሱም ከመጽሐፍ የወሰደውን ዜሮ ከማመኑ በፊት፣ ሦስቱ ጅረቶች በእርግጥ እኩልና ንጹሕ መሆናቸውን በመሣሪያ መለካት ይገባዋል። ቀመሩ በተሰጠው ሁኔታ ውስጥ ከቶ አይዋሽም፤ ሁኔታውን ማረጋገጥ ግን የባለሙያው ፈንታ ነው።